የፍቺ መዝገብ በኢትዮጵያ፤ ወዴት እንደሚፈለግና እንዴት እንደሚገኝ

በኢትዮጵያ የተፈጸመን ፍቺ በጽሑፍ ማስረጃ ለማረጋገጥ የሚነሣ ተመራማሪ አስቀድሞ ወደ ፍርድ ቤት መዝገብ ቤት መሄዱ የተለመደ ነው። ይህ አካሄድ በብዙ አገር ትክክል ቢሆንም፣ በኢትዮጵያ ከ1992 ዓ.ም. በፊት ለነበረው ዘመን አብዛኛውን ጊዜ ባዶ እጅ ያስመልሳል። ምክንያቱም ግልጽ ነው፤ ፍርድ ቤት ያልፈረደውን ነገር መዝገብ ቤት ሊያቆየው አይችልም። ባልና ሚስትን የሚያፋታው ሽማግሌ እንጂ ዳኛ አልነበረም። ዳኛው የሚፈለገው ሽማግሌዎች የቈረጡት ነገር ሲፈርስ፣ ወይም በቤት፣ በከብትና በገንዘብ ክፍያ ላይ ክርክር ሲነሣ ነው። ስለዚህ ፍቺው በራሱ ስም ሳይሆን በንብረት ስም ተጽፎ ይገኛል፤ ይህን ያልተረዳ ሰው መዝገቡን በእጁ ይዞ ሳያውቀው ያልፋል።

የነገሩ ክብደት ከታሪክ ጸሓፊ ጠረጴዛ ያልፋል። አንድ ሰው በሞተ ጊዜ ሁለት ሴቶች ሚስትነት ጠቅሰው ለውርስ ወይም ለጡረታ አበል ሲቀርቡ፣ ጉዳዩን የሚቈርጠው የፊተኛይቱ ጋብቻ ፈርሶ እንደ ሆነ የሚያስረዳ ወረቀት ነው። ወረቀቱ በአንድ ሽማግሌ ሣጥን ውስጥ ከቀረ፣ ሽማግሌውም ከሞቱ፣ ከብዙ ዓመት በፊት ድርሻዋን ተካፍላ የሄደችው ሴት እንደ ሚስት፣ ኋለኛይቱም እንደ ውሽማ ልትቈጠር ትችላለች። በታሪክ ጥናትም ረገድ ቢሆን፣ የፍርድ ቤትን መዝገብ ብቻ የሚቈጥር ሰው በአገሩ ፍቺ ጥቂት እንደ ነበረ፣ ሴቶችም ጋብቻን ለማፍረስ አቅም እንዳልነበራቸው ይደመድማል። ሁለቱም ድምዳሜ ስሕተት ነው።

ፍለጋው የሚጀምረው ጋብቻው በምን ዓይነት ሥርዐት እንደ ተፈጸመ ከመጠየቅ ነው። በክርስቲያኑ ወገን በቍርባን የተፈጸመ ጋብቻ በፍትሐ ነገሥት የሚተዳደር፣ በቤተ ክርስቲያን ዓይን ከጥቂት ምክንያት በቀር የማይፈታ ነበረና፣ በብዛት የካህናትና በዕድሜ የገፉ ሰዎች ጋብቻ ሆኖ ኖረ። የሰፊው ሕዝብ ጋብቻ የሰማንያ ነው። ይህም በምስክርና በዋስ ፊት በውል የሚታሰር፣ በሽማግሌም ፊት የሚፈታ ነው። ሦስተኛው የደሞዝ ጋብቻ ሲሆን፣ በጊዜና በክፍያ የተወሰነ በመሆኑ ከመፍረሱ ይልቅ ደሞዝ ባለመከፈሉ የተነሣው ክርክር ይገኛል።

ሰማንያ የሚለው ቃል ጋብቻውንም፣ ጋብቻው የተጻፈበትንም ወረቀት ይጠራል። ሕዝቡ ስለ ፍቺ ሲናገር «ሰማንያቸውን ቀደዱ» ይላል። ከዚህ አነጋገር ታሪክ ጸሓፊ ብዙ ሊማር ይገባዋል፤ በቋንቋው አስተሳሰብ ፍቺ ማለት አዲስ ወረቀት መጻፍ ሳይሆን የነበረውን ማጥፋት ነውና። እንግዲህ የሰነዱ አለመገኘት ራሱ አንዳንድ ጊዜ የድርጊቱ ውጤት ሊሆን ይችላል።

ውሉ ግን ጥንታዊ ነው። ከ1520 እስከ 1526 እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በኢትዮጵያ የቈየው ፖርቱጋላዊው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ፣ ጋብቻው የማይጸና መሆኑን ሲገልጥ፣ ተጋቢዎቹ አስቀድመው መቀጫ እንደሚወስኑና መለያየትን ያመጣው ወገን እንደሚከፍል ጽፏል። መቀጫ ካለ ዕዳ አለ፤ ዕዳ ካለ ዋስ አለ፤ ዋስ ካለ ክርክር አይጠፋም። ለጥንቱ ዘመን የፍቺ ፍለጋ መንገዱ ይኸው ነው።

የጎንደርን ዘመንና ተከታዩን መቶ ዓመት ለሚያጠና ሰው ዋናው መዝገብ ቤት ቤተ ክርስቲያን ናት። በየአድባራቱ በወንጌልና በሌሎች መጻሕፍት ኅዳግና ባዶ ገጽ ላይ የመሬት ሽያጭ፣ ስጦታ፣ ኑዛዜና የክርክር ፍጻሜ ከነምስክሮቹና ከነዋሶቹ ተጽፏል። ከእነዚህ መጻሕፍት አንዳንዶቹ በ1860 ዓ.ም. ከመቅደላ ተወስደው ዛሬ በለንደን ይገኛሉ። የታሪክ ሊቁ ዶናልድ ክራሚ በእነዚህ ጽሑፎች ተመርኵዞ የበጌምድር ሴቶች በስማቸው መሬት እንደ ያዙና እንደ ተሟገቱ አሳይቷል። ይሁን እንጂ የኅዳግ ጽሑፍ ፍቺን ለይቶ አይመዘግብም። ባልና ሚስት የየራሳቸውን ርስት ይዘው የሚጋቡና ይዘው የሚለያዩ በመሆናቸው፣ የሚካፈሉት በጋራ ያፈሩትን ብቻ ነበረ፤ እህልና ከብት ሲካፈሉ ደግሞ ወንጌል አውጥቶ የሚጽፍ የለም። አንዲት ሴት በአንድ ገጽ ከአንድ ባል፣ በሌላ ገጽ ከሌላ ባል ጋር ተጽፋ ብትገኝ፣ መበለትነትም ሊሆን ስለሚችል ፈጥኖ ፍቺ ነው ማለት አይገባም።

ከጣልያን ወረራ በኋላ በ1934 ዓ.ም. የፍርድ ቤቶች አቋም በዐዋጅ ሲደራጅ የመዝገብ አያያዝም መልክ ያዘ፤ ፍቺ ግን በሽማግሌ እጅ እንዳለ ቀረ። የፍትሐ ብሔር ሕግ ሚያዝያ 27 ቀን 1952 ዓ.ም. ታውጆ ከመስከረም 1 ቀን 1953 ዓ.ም. ጀምሮ በሥራ ላይ ሲውልም ይህን ልማድ አልሻረውም፤ እንዲያውም ሕጋዊ ልብስ አለበሰው። በዚያ ሕግ የፍቺ አቤቱታ የሚቀርበው ለቤተ ዘመድ ሽማግሌዎች ሲሆን፣ እነርሱም ያስታርቃሉ፣ ካልሆነም ፍቺውን ይወስናሉ፣ ንብረቱንና የልጆቹን አኗኗር ይቈርጣሉ። የፍርድ ቤት ድርሻ ፍቺ መኖር አለመኖሩ ሲያከራክር መለየት፣ እንዲሁም ሽማግሌዎቹ በመማለጃ ወይም ከሕግ ውጭ ወስነዋል የሚል አቤቱታ ሲመጣ መመርመር ነበረ። በዚህም ላይ ያው ሕግ ስለ ክብር መዝገብ ያወጣቸው ድንጋጌዎች ልዩ ትእዛዝ በነጋሪት ጋዜጣ እስኪወጣ ድረስ እንዲቈዩ ተደረገ፤ ትእዛዙም ሳይወጣ ዘመኑ አለፈ። ስለዚህ ከ1953 ዓ.ም. በኋላ ለነበሩት አርባ ዓመታት «የፍቺ መዝገብ» የሚባል አንድ ወጥ መዝገብ በአገሩ የለም።

ታዲያ ምን አለ? ውሳኔው ይጸድቅልን ብለው ለዳኛ ያቀረቡ ተፋቾች የሽማግሌዎቹን ቃለ ጉባኤ ከማመልከቻው ጋር አያይዘዋል። ይግባኝ ያሉትም እንዲሁ። በተረፈ ጉዳዩ የሚገኘው በቀለብ ጥያቄ፣ በልጅ አስተዳደግ፣ በቤት ይለቀቅልኝ ክስ፣ ከሁሉም ይልቅ በውርስ ክርክር መዝገብ ውስጥ ነው። ከፍቺው ሃያና ሠላሳ ዓመት በኋላ የተከፈተ የውርስ መዝገብ፣ ያረጀ የሽማግሌ ወረቀት በአባሪነት ይዞ መገኘቱ ልዩ ነገር አይደለም። የጣት አሻራ ያለባት፣ በእርሳስ የተጻፈች፣ ማኅተም የሌላት ወረቀት ልትሆን ትችላለች፤ ለአጥኚው ግን ከመቶ ገጽ ፍርድ ትበልጣለች፤ ላምና በሬው፣ ጋንና ምጣዱ ሳይቀር ለማን እንደ ደረሰ ትናገራለችና።

የእስላሙ ሕዝብ ጉዳይ ሌላ መንገድ አለው። ቃዲ ኒካሕና ፍቺን በዳኝነቱ ሥር የያዘ በመሆኑ፣ ፍቺው በራሱ ስም ተጽፎ ሊገኝ የሚችለው በዚህ በኩል ነው። በሐረር ከአሚሮቹ ዘመን የተረፉት የቃዲ ጽሑፎች በዐረብኛ ስለ ሆኑ ቋንቋውን ያልተማረ ሰው አይደክምባቸው። የቃዲዎችና የናኢባ ጉባኤዎች ሥልጣን በ1936 ዓ.ም. በዐዋጅ ታወቀ፤ በ1992 ዓ.ም. በወጣው ሌላ ዐዋጅም የፌዴራል ሸሪዓ ፍርድ ቤቶች ተጠናከሩ። ወደ እነርሱ ለመቅረብ ግን የሁለቱ ወገኖች ፈቃድ ስለሚያስፈልግ፣ ባልየው ወይም ሚስቲቱ ካልፈቀዱ ጉዳዩ በመደበኛው ፍርድ ቤት ይፈለጋል።

በ1967 ዓ.ም. የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት የመንግሥት ሲሆን የቀበሌ ፍርድ ሸንጎ ተቋቋመ፤ በከተማ የተፋቱ ሰዎች በቀበሌ ቤት ማን ይቅር ብለው የተከራከሩበት ወረቀት ከተረፈ በቀበሌው ፋይል ውስጥ ነው።

በ1992 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ ነገሩን ገለበጠው። ከዚያ ወዲህ ፍቺን የሚወስነው ፍርድ ቤት ብቻ ነው፤ የሽማግሌ ሥራ ማስታረቅ ሆነ። ሕጉ የሚጸናው ለአዲስ አበባና ለድሬዳዋ ሲሆን፣ ክልሎች የየራሳቸውን የቤተሰብ ሕግ በየጊዜው አውጥተዋልና ለውጡ የጀመረበት ዓመት ከቦታ ቦታ ይለያያል። በሁለቱ ከተሞች ጉዳዩ በፌዴራል የመጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤት፣ በክልል በወረዳ ፍርድ ቤት ይፈለጋል። በ2004 ዓ.ም. የወጣው የወሳኝ ኵነት ምዝገባ ዐዋጅ ፍቺን ከልደት፣ ከጋብቻና ከሞት ጋር እንዲመዘገብ አዝዟል፤ ምዝገባው ግን የተጀመረው በ2008 ዓ.ም. መጨረሻ በመሆኑ ለታሪክ ጥናት ገና ለጋ ነው። ደግሞም ሰበር ሰሚ ችሎት ለረጅም ዘመን ተለያይተው የየራሳቸውን ኑሮ የመሠረቱ ባልና ሚስት ጋብቻቸው በሁኔታ እንደ ፈረሰ ሊቈጠር እንደሚችል ወስኗል። ሕጉ ራሱ ወረቀት የሌለው ፍቺ መኖሩን አምኗል ማለት ነው።

መዝገቡን ለማውጣት የሚያስፈልገው ከሁሉ አስቀድሞ የመዝገብ ቍጥር ነው። ቍጥሩ ካልታወቀ የአመልካቹና የተጠሪው ሙሉ ስም ከነአያት፣ ውሳኔው የተሰጠበት ዓመት፣ ቦታውም በዚያ ዘመን የነበረበት አውራጃና ወረዳ ተጣርቶ ለሬጅስትራሩ ይቀርባል። አውራጃዎች ሲፈርሱ መዛግብታቸው ወደ ሌላ ፍርድ ቤት ተዛውረዋልና የዛሬውን ወረዳ ብቻ ይዞ መሄድ አይበቃም። ባለጉዳዩ ወይም ወራሹ ማንነቱን አስረድቶ ክፍያ ከፍሎ የታተመ ግልባጭ ይቀበላል። አጥኚ ከተቋሙ የትብብር ደብዳቤ መያዝ ይኖርበታል፤ የባለጉዳዮችን ስም በጥናቱ ውስጥ አለመግለጥም ግዴታው ነው፤ በብዙ መዝገብ የተጻፈው የሰው ገመና ነውና።

ስም ራሱ ብዙ ያስቸግራል። ሚስት በባል ስም ስለማትጠራ ሁለቱን ወገን የሚያገናኝ የቤተሰብ ስም የለም፤ በባል ስም የተከፈተ መዝገብ በሚስት ስም ቢፈለግ አይገኝም። በቤተ ክርስቲያን ጽሑፍ ወለተ ማርያም የተባለችው በፍርድ ቤት በዓለም ስሟ ትጻፋለች። ጸሓፊዎችም ሀን ከሐና ከኀ፣ ሰን ከሠ፣ አን ከዐ፣ ጸን ከፀ ሳይለዩ ይጽፋሉና፣ ኀይሉን ለማግኘት ሦስቱን የሀ ክፍል መግለጥ ያስፈልጋል።