ከገደል ማሚቶ እስከ ባለጉዳይ፦ የካርል ሮጀርስ ሥራ በቋንቋ ዓይን

አሜሪካዊው ካርል ሮጀርስ (1902–1987 እ.ኤ.አ.) ሰብአዊ ሥነ ልቦና ከሚባለው ዘርፍ መሥራቾች አንዱ ናቸው። ታሪካቸው በአብዛኛው የሚተረከው ከሕክምና አንጻር ነው፤ ለቋንቋ አጥኚ የሚተርፍ ቁም ነገር ግን አለው።

ሮጀርስ በሮቼስተር ከተማ ችግር ከገጠማቸው ሕፃናት ጋር ለ12 ዓመታት ሠርተው በ1940 ወደ ኦሃዮ ስቴት ዩኒቨርሲቲ ተዛወሩ። በዚያም ከተማሪዎቻቸው ጋር የምክር ውይይቶችን በሸክላ መቅዳት ጀመሩ። አንዱ የሸክላ ገጽ የጥቂት ደቂቃ ንግግር ብቻ ይይዝ ስለ ነበር ሥራው አድካሚ ነበር። በ1942 ባሳተሙት መጽሐፍ የአንድን ሰው ስምንት ውይይቶች ቃል በቃል አሰፈሩ። በአማካሪው ትዝታና ማስታወሻ ተወስኖ የኖረው ንግግር ያን ጊዜ ሌላው ሊመረምረው የሚችል ጽሑፍ ሆነ። በዚሁ መጽሐፍ «በሽተኛ» የሚለውን ስያሜ ትተው በአማርኛ «ባለጉዳይ» ሊባል የሚችለውን መረጡ። የጉዳዩ ባለቤት ሰውየው ነው፤ ሐኪሙ አይደለም።

የባለጉዳዩን ስሜት በሌላ ቃል መልሶ የማቅረቡ ዘዴ ግን ተቺዎችን የገደል ማሚቶ አስመሰላቸው። በ1966 ጆሴፍ ዋይዘንባም ይፋ ያደረጉት ኤሊዛ የተባለ የኮምፒውተር ፕሮግራም፣ አንደኛውን መደብ በሁለተኛው እየተካ ይህንኑ ዘዴ አስመስሏል። ሮጀርስ በ1986 «ስሜትን ማንጸባረቅ» የሚለው ስያሜ እንደማይስማማቸው ጻፉ። ዓላማቸው ቃልን መመለስ ሳይሆን፣ የተረዱት ነገር ትክክል መሆኑን ከባለቤቱ ማረጋገጥ ነበርና።

ልዩነቱ በአማርኛ ይጎላል። እንግሊዝኛ ለሁለተኛ መደብ በአንድ ተውላጠ ስም ይብቃቃል። በአማርኛ ግን «ከፍቶኛል» ላለ ሰው አማካሪው «ከፍቶሃል»፣ «ከፍቶሻል» ወይም «ከፍቶዎታል» ከማለት አንዱን መምረጥ ግድ ይሆንበታል። ምርጫው ጾታን ብቻ ሳይሆን ዕድሜን፣ ክብርንና ቅርበትን ይናገራል። ሮጀርስ በአማካሪና በባለጉዳይ መካከል ሊያጠቡት የፈለጉት ርቀት፣ በአማርኛ ገና በመጀመሪያው መልስ ላይ በግሱ ቅጥያ ይለካል። እንዲህ ያለውን ውይይት ቃል በቃል የሚያሰፍር አጥኚ ከሐሳቡ እኩል ቅጥያውን ሊመዘግብ ይገባዋል፤ ባለጉዳዩ መከበሩንም ሆነ መናቁን መጀመሪያ የሚሰማው ከዚያ ነውና።