ኪም ሮድ፦ ከስድስት ኦሊምፒኮች ባዶ እጇን ያልተመለሰችው ተኳሽ

በእንጦጦ ፓርክ ቀስት የሚያስፈነጥር ጎብኚ ዒላማው ከፊቱ ቆሞ ይጠብቀዋል። በገጠሩም ዒላማ ሲባል ቀድሞ የሚታሰበው የቆመ ነገር ነው። በኦሊምፒክ ግን ዒላማው የሚበርበት ውድድር አለ። ከቅጥራንና ከኖራ ድንጋይ ዱቄት የተሠራ፣ 11 ሴንቲ ሜትር ስፋትና 105 ግራም ገደማ ክብደት ያለው ሳህን በማሽን ይወነጨፋል፤ ተኳሹም መሬት ሳይነካ በአየር ላይ ይሰብረዋል። «የሸክላ ዒላማ» የሚለው ስም ከጥንቱ የቀረ ነው እንጂ ዛሬ ሸክላ የለበትም። ጨዋታው የተጀመረው በሕይወት ባሉ ርግቦች ላይ በመተኮስ ነበር፤ ሳህኑ ርግቦቹን መተካቱ በጎ ሆነ።

በዚህ ስፖርት ስሟ ጎልቶ የሚነሣው እ.አ.አ በ1979 በካሊፎርኒያ የተወለደችው አሜሪካዊቷ ኪም ሮድ ናት። ፋጡማ ሮባ በማራቶን ወርቅ ባጠለቀችበት የ1996ቱ የአትላንታ ኦሊምፒክ፣ ኪም በ17 ዓመቷ ሁለት ሳህኖች በአንድ ጊዜ የሚወነጨፉበትን «ደብል ትራፕ» አሸነፈች። በሲድኒ ነሐስ፣ በ2004 በአቴንስ ዳግም ወርቅ አገኘች።

ከአቴንስ በኋላ ግን የሴቶች ደብል ትራፕ ከኦሊምፒክ ተሰረዘ። ይህ በእንጦጦ ዳገት ለ10 ሺህ ሜትር ስትዘጋጅ የኖረች ሯጭ ርቀቷ ተሰርዞ «በ800 ሜትር ተወዳደሪ» ብትባል እንደማለት ነው። ኪም ወደ «ስኪት» ተዛወረች። በስኪት ሳህኖቹ በግራና በቀኝ ከቆሙ ሁለት ማማዎች፣ አንዱ ከፍ ሌላው ዝቅ ካለ ቦታ፣ ይለቀቃሉ፤ ተኳሹ በስምንት ቦታዎች እየተዘዋወረ ይተኩሳል። ሳህኑ እስኪታይ ድረስ የጠመንጃው ሰደፍ ከወገብ አጠገብ መቆየት አለበት። ተኳሹ «ልቀቅ» ብሎ ከጠራ በኋላ ሳህኑ ወዲያው ወይም እስከ ሦስት ሰከንድ ዘግይቶ ሊወጣ ስለሚችል፣ አስቀድሞ ደግኖ መጠበቅ አይቻልም።

በ2008 በቤጂንግ በአዲሱ ውድድሯ ብር አገኘች። በዚያው ዓመት ለ18 ዓመታት የተኮሰችበት ጠመንጃ ከመኪናዋ ተሰረቀ። የራሱን ሞፈር የለመደ ገበሬ የዚህን ክብደት ያውቀዋል። ደጋፊዎቿ ሌላ ገዙላት፤ የተሰረቀውም ከጥቂት ወራት በኋላ ተገኘ።

በ2012 በለንደን ከ100 ሳህኖች 99ኙን ሰብራ የዓለምን ክብረ ወሰን በመጋራት ወርቅ ወሰደች። ልጅ ወልዳ በተመለሰችበት የ2016ቱ የሪዮ ኦሊምፒክ ደግሞ ነሐስ አገኘች። በዚህም በስድስት ተከታታይ የበጋ ኦሊምፒኮች በግል ውድድር ሜዳልያ ያገኘች የመጀመሪያዋ ሰው ሆነች፤ ሜዳልያዎቿም ከአምስት አህጉራት የተሰበሰቡ ናቸው። ለቶኪዮው ኦሊምፒክ የአገሯን ማጣሪያ ማለፍ አልቻለችም።