እርፍና ምጣድ

ቀረብ በሉማ፣ ብርዱ የደባርቅ ነው፤ እሳቱን ከበብ አድርጉት። የዛሬው ወሬዬ ስለ ሁለት ዕቃ ነው፤ አንዱ እርፍ፣ ሌላው ምጣድ።

ከጎንደር ተነስታችሁ፣ ዳባትን አልፋችሁ ወደ ደባርቅ ስትወጡ ግራ ቀኙ ማሳ ነው። አረም ሲደርስ ሴቶቹ ማሳው ውስጥ ናቸው። አጨዳም ላይ አሉ፤ ነዶ ይሸከማሉ፤ ለደቦው እንጀራና ጠላ ይዘው ይወጣሉ። አንድ ነገር ብቻ አይነኩም፤ እርፉን። “አቅም የላትም” ይሏችኋል። እንዴ! እንስራ ሙሉ ውሃ አዝላ ያንን ዳገት የምትወጣዋ ሴት?

ባሏ የሞተባት ሴት መሬት ይኖራታል፤ በሬም ሊኖራት ይችላል። የሚያርስላት ከሌለ ግን ለእኩል አራሽ ትሰጣለች፤ ምርቱ ሲገባ እኩሌታው የእሱ ነው። ነውር ነውር የምንለው ነገር እንግዲህ ዋጋ አለው፤ በቁና የሚሰፈር ዋጋ። ግማሹ ገብስ በሰው አህያ ተጭኖ ከደጇ ይሄዳል።

ይህ ደግሞ የት አገር መሰላችሁ? ሰሜን! የእቴጌ ጣይቱ አባት ብጡል ኃይለ ማርያም የሰሜኑ ገዥ የደጃዝማች ውቤ ወንድም ናቸው።   ጣይቱ በ1888 ዓ.ም. ሠራዊታቸውን አስከትለው ዘመቱ፤ መቀሌ ላይ የጣሊያን ምሽግ የሚጠጣውን ውሃ እንዲያዝ ያደረጉት እሳቸው ናቸው። ለሴት ጦር መምራት ያልነወረበት አገር እርፍ መያዝ ነወረበት። ይህን የሚፈታልኝ ሰው እስከ ዛሬ አላገኘሁም።

ወደ ደቡብ ወረድ ስትሉ፣ ፎገራ ውስጥ፣ አውራ አምባ የሚባል መንደር አለ። መሥራቹ ዙምራ ኑሩ ገና ልጅ ሳሉ አባትም እናትም እርሻ ውለው ሲገቡ፣ አባት ሲያርፉ እናት ምድጃ ሥር ሲባትሉ አይተው “ለምን?” አሉ። ሰው እብድ አላቸው። በ1964 ዓ.ም. በተመሠረተው ማኅበረሰባቸው ሴት ታርሳለች፣ ወንድ እንጀራ ይጋግራል። በሬው እንደሆነ ቅር አላለውም።

ሕጉስ? ሕጉ ቀድሟል። የአማራ ክልል የቤተሰብ ሕግ በ1995 ዓ.ም. ወጣ፤ በዚያው ሰሞን መሰጠት በጀመረው የመሬት ይዞታ ደብተር ላይም የባልና የሚስት ስምና ፎቶ ጎን ለጎን ገባ። ደብተሩ ግን ሳጥን ውስጥ ነው የሚቀመጥ፤ እርፉ ያለው ደጅ ነው።

አሁን ወደ ምጣዱ ልውሰዳችሁ። የሰሜን ተራሮች ፓርክ ሲቋቋም ሥራ አብሮ መጣ፦ አስጎብኚ፣ ስካውት፣ በቅሎ ጫኝ፣ ኩክ። አብዛኞቹ ወንዶች ናቸው፤ አዎ፣ ኩኩም ጭምር! ሳንቃበር ላይ ሽንኩርት ይከትፋል። ግጭ ላይ፣ 3,600 ሜትር ከፍታ፣ ጣት በሚያደነዝዝ ውርጭ ሾርባ ያፈላል። እንግዶቹ እሜት ጎጎን አይተው ሲመለሱ ሻይና ፈንዲሻ ያቀርባል። (ስሙን ልብ በሉልኝ፤ ተራራው እንኳ ራስ ደጀን ብቻ አይደለም፣ እሜትም አለበት።) “ሴታ ሴት” ብሎ የሚሰድበው የለም። ለምን? ይከፈለዋላ!

የግጭ ሰዎችስ? በ2008 ዓ.ም. ከፓርኩ ወጥተው ደባርቅ ዳር ሰፈሩ፤ ማሳው እላይ ቀረ። ሞፈሩ ያለ ሥራ በተሰቀለበት ቤት፣ ሚስት ጉሊት ውላ ብር ይዛ ስትገባ፣ “እኔ አራሽ ነኝ፣ አንቺ ጋጋሪ ነሽ” የሚለው ክርክር በምን ይቆማል? አንዳንዱ ቤት ባል እሳት ማንደድ ጀምሯል፤ በር ዘግቶ።

ኩኩ ደግሞ ከአምስት ቀን በኋላ ከተራራ ይወርዳል። ቤቱ ገብቶ መደብ ላይ አረፍ ይላል። ሚስቱ ምጣዱን ታሰማለች፣ ወጡን ታወጣለች፣ ጣሳና ሳህን ይዛ መጥታ እጁን ታስታጥበዋለች። ቀና ብላ ታየዋለች፤ እጁ ሽንኩርት ሽንኩርት ይላል።