እሳቱ ወደ ማድ ቤት ሲሰደድ

አያቴ ከመተኛቷ በፊት የመጨረሻ ሥራዋ እሳት ማዳፈን ነበር። ራት ተበልቶ፣ ከብቱ ታስሮ፣ ሁሉም ማዛጋት ሲጀምር እሷ ጉልቻው ሥር ቁጢጥ ትላለች። የግንዱን ጫፍ በእንጨት መታ መታ አድርጋ ፍሙን ታራግፋለች፤ ወፍራም ወፍራሙን ወደ መሐል ትሰበስብና በገል አመድ እየዛቀች ትከድነዋለች። አመዱ ከሳሳ ፍሙ እኩለ ሌሊት ሳይሆን ነድዶ ያልቃል፤ ከበዛ ታፍኖ ይሞታል። ልኩን የምታውቀው መዳፏን ከአመዱ በላይ ዘርግታ ነው። ትንሽ ትቆያለች፤ አንድ እፍኝ ትጨምራለች ወይም ገፋ ታደርጋለች፤ ከዚያ «እስከ ዶሮ ጩኸት ይበቃዋል» ብላ ትነሣለች። ሲነጋ አመዱን ስትገልጠው ፍሙ ቦግ ይላል። የጠፋባት ዕለት ግን እኔ ገል ይዤ ጎረቤት እላካለሁ፤ «እማማ፣ እሳት ልጭር መጣሁ» እላለሁ። እሳት ልጭር ማለት ትንሽ ያሳፍር ነበር፤ ቤታችን ሌሊቱን ማን እንደተኛ ይታወቃላ!

ዛሬ ኤሲ ጠጋኝ ነኝ። የእብናት ልጅ ኤሲ ይጠግናል ሲባል ሰው ይስቃል፤ በተለይ የደብረ ታቦር ሰው። «እኛ ብርዱን መች አጥተነው በማሽን ታመጣልናለህ?» ይሉኛል። ማሽኑ ያሞቃልም ብዬ ማስረዳት ከጀመርኩ ሃያ ዓመት አልፎኛል፤ አሁንም የሚያምነኝ ጥቂት ነው። እኔ ራሴም ብሆን አያቴ ቤት ውስጥ ምን ይሠራ እንደነበር የገባኝ ማሽኑን ፈትቼ መግጠም ከተማርኩ በኋላ ነው።

እብናት በሁለት አየር መካከል ያለች ከተማ ናት። በአንድ ወገን ወደ ጉና የሚወጣው ደጋ አለ፤ ጉና ከ4,000 ሜትር በላይ ነው። በሌላው ወገን ወደ በለሳ የሚወርደው ቆላ አለ። በልጅነቴ ገበያ ላይ ደበሎ የደረበ የደጋ ሰውና በአንድ ነጠላ የመጣ ቆለኛ ጎን ለጎን ተቀምጠው ሲደራደሩ አይ ነበር። ቤታቸውም እንደ ልብሳቸው ነበር። የቆላው ጎጆ አንዳንዱ ግድግዳው በደንብ እንኳ አይመረግም፤ ንፋስ በማገሩ መካከል ይግባ ተብሎ ይተዋል። የደጋው ግን አንዲት ቀዳዳ አይወድም።

ያ የደጋ ቤት በደንብ ሲታይ የሚገርም ሥራ ነው። ግድግዳው በጭድ በተቦካ ጭቃ ይመረጋል፤ ጭቃው ቀን የጠጣውን ሙቀት ማታ እያዘገመ ይሰጣል። ጣሪያው ወፍራም የሣር ክዳን ነው፤ በሣሩ መካከል የታሰረው አየር ሙቀቱን አያሳልፍም። ከዚህ በላይ ከብቱ አለ። ከብቱ ጋጣ፣ ሰው ቆጥ ወይም መደብ ላይ፣ ሁሉም አንድ ጣሪያ ሥር ያድራል። አንድ ከብት ቆሞ ሲያመሰኳ ጥቂት መቶ ዋት ሙቀት ይሰጣል፤ አራት አምስት ከብት ሲሆን ሱቅ የሚሸጠውን ባለ ሁለት ሺህ ዋት ሂተር ያህላል፤ ለዚያውም መብራት ሳይቆጥር ሌሊቱን ሙሉ። ከሥር አጎዛ፣ ከላይ ባና ወይም ጋቢ ሲጨመርበት የጉና ውርጭ ደጅ ይቀራል።

ጥገናም ነበረው። ሣሩ ክረምት ሳይገባ ይደረባል፤ የተሰነጠቀው ግድግዳ ይመረጋል፤ ወለሉ በእበት ይለቀለቃል። ጭሱ እንኳ ሥራ ነበረው፤ ጣሪያው ላይ የሚጋገረው ጥቀርሻ ሣሩንና እንጨቱን ከነቀዝ ይጠብቃል። ይህን ስል ያንን ቤት ማሞገሴ አይደለም። የአያቴን ዓይን የጨረሰው ያው ጭስ ነው። በመጨረሻዎቹ ዓመታት እሳቱን የምታዳፍነው አይታ ሳይሆን ዳብሳ ነበር።

ነገሥታቱም ከዚህ ብዙ አልራቁም። ከአዲስ ዘመን ወደ ጎንደር ሲኬድ እንፍራንዝ አጠገብ ያለው የጉዛራ ግንብም፣ የጎንደሩ የፋሲል ግቢም ሙቀትና ብርድን የሚመክቱት በኖራና በድንጋይ በተገነባ ወፍራም ግድግዳ ነው። በፋሲል ግቢ የወሸባ ቤቱ ዛሬም ይታያል፤ በእሳት የጋለ ድንጋይ ላይ ውሃ እየተረጨ በእንፋሎት ይታጠኑበት ነበር። ከጎንደር እስከ ደብረ ታቦር ለሰው ገላ ተብሎ እሳት የነደደበት ቤት ጥራ ብባል መጀመሪያ እሱን እጠራለሁ።

ትልቁ እሳት ግን ለሰው አልነደደም። ከደብረ ታቦር ጥቂት ወጣ ብላ ያለችው ጋፋት ዐፄ ቴዎድሮስ አውሮፓውያኑን የእጅ ባለሙያዎች ያሰፈሩባት ቦታ ናት። ከእነሱ መካከል እነ ቫልድማየር እዚያ እቶን አቁመው ሴባስቶፖል የተባለውን ከባድ መድፍ ሠሩ፤ መድፉ እየተጎተተ መቅደላ ደረሰ፤ ንጉሡም እ.ኤ.አ. በ1868 እዚያው አለፉ። ጋፋትን ባየሁ ቁጥር የሚመጣብኝ ነገር አለ። ያን ያህል እንጨትና ከሰል ሲነድ በዙሪያው ያለው ገበሬ በደበሎው ተኮራምቶ ያድር ነበር።

እብናትን ዓለም ያወቃት በ1977 ዓ.ም. በረሃቡ ጊዜ ነው። እኔ ልጅ ነበርኩ። በአስር ሺዎች የሚቆጠር ሰው ተሰዶ መጥቶ በመጠለያ ጣቢያው ሰፈረ። መጠለያ ይባል እንጂ እንጨት ተተክሎ ቅጠልና ሣር ጣል የተደረገበት ጎጆ ነው፤ ምርጊት የለው፣ ከብት የለው፣ ማገዶ የለው። ሥጋ የሌለው ገላ ብርድ አይችልም። ጠዋት ጠዋት የሚቀበረውን ሰው ትልልቆቹ «ረሃብ ገደለው» ሲሉ አያቴ «ሌሊቱ ነው የገደለው» ትል ነበር። ሚያዝያ ላይ ሰዉ ከጣቢያው እንዲወጣ ተደረገ፤ ጎጆዎቹም ተቃጠሉ። ስለዚህ ነገር ከዚህ በላይ መጻፍ አልችልም።

ከዚያ በኋላ ነው ቆርቆሮ የበረከተው። ሞገደኛው ቆርቆሮ በለንደን እ.ኤ.አ. በ1829 ፈቃድ የወጣበት ሥራ ነው፤ እኛ ሠፈር ግን የደረሰው እኔ ራሴ እያየሁ ነው ማለት ይቻላል። ቆርቆሮ ክብር ነበር። ልጅ የሚድር ሰው ቆርቆሮ ቤት አለው ወይ ተብሎ ይጠየቃል። አጎቴ ቆርቆሮ ያለበሰ ዕለት ጠላ ተጠምቆ ነበር፤ ሐምሌ ላይ ዝናቡ ሲወርድበት ተጯጩኸን እንኳ መስማማት አቃተን።

ነገሩ የመጣው ማታ ማታ ነው። ቆርቆሮ ቀን እንደ ምጣድ ይግላል፤ ፀሐይ ስትገባ ደግሞ ያንኑ ሙቀት ለሰማይ ወርውሮ ከደጁ ብርድ ጋር እኩል ይሆናል። ንጋት ላይ የሰዉ ትንፋሽ ከሥሩ ውሃ ሆኖ ጠብ ጠብ ይላል፤ ቆርቆሮው አላበው እንላለን። የባሰው ግን ሌላ ነው። አዲሱ ቤት ጭስ እንዳያጠቁረው ተብሎ እሳቱ ወደ ማድ ቤት ተሰደደ። ከብቱም ለብቻው ጋጣ ተሠርቶለት ወጣ። ጣሪያው ሲሳሳ ሙቀት ሰጪዎቹ ሁለቱም አብረው ሄዱ። ሳሎኑ ሶፋና ቡፌ ገባለት፤ ሰዉ ግን ክረምቱን የሚያሳልፈው ማድ ቤት ተጠጋግቶ ነው። እንግዳ ሲመጣ ብቻ ወደ ብርዱ ይገባል።

ወደ ሙያዬ ልመለስ። ፍሪጅና ኤሲ የተማርኩት ባሕር ዳር ከአንድ ሽማግሌ ባለሙያ ነው። እሳቸው ደግሞ ሙያውን የያዙት ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካው ውስጥ ነው። ፋብሪካው እ.ኤ.አ. በ1961 በጣሊያን የጦር ካሣ የተሠራ ነው፤ ሦስት ዓመት ቆይቶ የጢስ ዓባይ ማመንጫ ሥራ ጀመረ። ቤታችን ጭስ ሸሽተን ከጢስ ዓባይ መብራት እንቀዳለን ብዬ ባሾፍ አይስቁም ነበር። «ይህ ማሽን ለአንተ የተሠራ እንዳይመስልህ» ይሉኝ ነበር፤ «ለክር ነው የተሠራው»። የጥጥ ክር በደረቅ አየር ይበጠሳል፤ የአየሩን እርጥበት ካልያዝከው ማሽኑ ሁሉ ይቆማል። በኋላ ሳነብ እውነታቸውን ነው። የአየር ማስተካከያ የሚለውን ስም ያወጣው ስቱዋርት ክሬመር የሚባል አሜሪካዊ መሐንዲስ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1906 ስለ ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ሲያወራ። ከእሱ አራት ዓመት ቀደም ብሎ ዊሊስ ካሪየር የመጀመሪያውን ሥርዓት የነደፈው ብሩክሊን ላለ ማተሚያ ቤት ነው፤ ወረቀቱ እርጥበት እየጠጣ ቀለሙ ቦታውን ስለሳተባቸው። አንዱ ለክር፣ አንዱ ለወረቀት።

መጀመሪያ የሠራሁ ሰሞን «ባለ አንድ ቶን ኤሲ» ሲሉ ክብደቱ መስሎኝ እንዴት ግድግዳው ቻለው እል ነበር። መምህሬ በዚህ ለአንድ ሳምንት ሳቁብኝ። ቶኑ የበረዶ ነው። ማሽኑ ሳይመጣ በፊት አሜሪካኖች ክረምት ላይ ከሐይቅ በረዶ እየቆረጡ ያከማቹና ይነግዱ ነበር። ማሽኑ ሲመጣ አቅሙን የለኩት በዚያው ነው፤ አንድ የአሜሪካ ቶን፣ ማለትም 907 ኪሎ ገደማ በረዶ፣ በአንድ ቀን ሲቀልጥ የሚጠጣው ሙቀት። በሰዓት 12 ሺህ ቢቲዩ የምንለው እሱ ነው።

ደብረ ታቦርም የጠሩኝ መጀመሪያ ለሰው አልነበረም። ሰርቨር ላለበት ክፍል፣ ለላቦራቶሪ ዕቃ፣ እንዲህ እንዲህ ላለው ነበር። አንድ ቦታ ጥበቃው በርኖሱን ተከናንቦ በር ላይ እየተንቀጠቀጠ እኔ ውስጥ ገብቼ ለማሽን ብርድ ሳስተካክል አስታውሳለሁ። ለሰው ብሎ የጠራኝ የመጀመሪያው ደንበኛ የእንግዳ ማረፊያ ያላቸው እናት ናቸው። ከባሕር ዳር ባለ አንድ ቶን ኤሲ አስመጥተው አስገጥመዋል፤ ሐምሌ ላይ ደወሉ። «አንተ ልጅ፣ ይኼ ማሽንህ ተቃጠለ!»

ሄጄ አየሁት። ከደጅ ያለው የማሽኑ ክፍል በረዶ ለብሷል፤ ከዚያ እንፋሎት እያወጣ ነው። እሳቸው ጭስ መስሏቸው ብሬከሩን በየጊዜው ያጠፉታል። ነገሩ እንዲህ ነው። ማሽኑ ሲያሞቅ ሙቀት አይፈጥርም፤ ከደጅ አየር ላይ ለቅሞ ወደ ውስጥ ያስገባል፤ እሳት ልጭር እንደማለት ነው። ደጁ አምስት ዲግሪ ሲሆን ለቃሚው ቱቦ ከዜሮ በታች ይወርዳል፤ የክረምቱ እርጥበት እዚያ ላይ ይረጋል። ስለዚህ በየተወሰነ ጊዜ ቆም ብሎ በረዶውን ያቀልጣል። ደቂቃዎች ጠብቀውት ቢሆን ኖሮ ይመለስ ነበር። ደብረ ታቦር 2,700 ሜትር ገደማ ስለሆነች ደግሞ አየሩ ከባሕር ጠለል በሩብ ያህል የሳሳ ነው፤ ፋኑ ያንኑ ያህል ቢዞር የሚሸከመው ሙቀት ያንሳል። በካርቶኑ ላይ የተጻፈው 12 ሺህ እዚህ 12 ሺህ አይሆንም።

የቀረው ጣጣ ቀላል ነበር። ደንበኛ ሁሉ «ጋዝ አልቋል» ይለኛል፤ ጋዝ እንደ ክብሪት እየነደደ የሚያልቅ ነገር አይደለም፤ ካልሾለከ ዓመታት ይቆያል። የውስጡን ክዳን ከፍቼ ፊልተሩን ሳወጣ እንደ ብርድ ልብስ የወፈረ አቧራ ተጋግሮበታል። በውሃ አጥቤ ጥላ ላይ አደረቅኩት። ከኋላው ያሉትን ስስ ቅጠሎች በለስላሳ ብሩሽ ከላይ ወደ ታች ጠረግሁ፤ ወደ ጎን ከተጠረገ ይተኛሉ። የውሃ ማውረጃውን ቱቦ ነፋሁት። እንዳይረሱት በየሁለት ሳምንቱ ቅዳሜ ከገበያ መልስ ፊልተሩን ይጠቡ አልኳቸው። ደስ ያላቸው ግን ሒሳቡን ስነግራቸው ነው። የእንጀራ ምጣዳቸው ከሦስት ሺህ አምስት መቶ ዋት በላይ ይስባል፤ ኤሲው አንድ ሺህ ገደማ። ያ አንድ ሺህ ዋት ደግሞ ለቅሞ ስለሚያስገባ የሁለትና የሦስት ሺህ ዋት ሂተር ያህል ያሞቃል።

ያም ሆኖ ክፍሉ አልሞቀም። ቀና ብዬ ሳይ ኮርኒስ የለም። ማሽኑ የሰበሰበውን ሁሉ ቆርቆሮው ለሰማይ ያስረክበዋል።

እዚያው ሰሞን እኔና የሥራ ባልደረባዬ ደብረ ታቦር በተከራየነው ክፍል ልንሞት ነበር። ግድግዳው በሲሚንቶ የተለሰነ፣ መስኮቱ በላስቲክ የተወጠረ፣ በሩ ሥር ጨርቅ የተወተፈ። ከሰል አስገብተን፣ ጭሱ ስላለቀ አደጋውም ያለቀ መስሎን ተኛን። ቀይ ፍም ነው የሚገድለው፤ ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታ የለውም። አከራያችን ሌሊት ሲያስመልሰን ሰምተው በሩን በርግደው አወጡን። የአያቴ ሣር ቤት ሌሊቱን ሙሉ ፍም ይዞ ሲያድር ማንም አልሞተም፤ ሣሩ ይተነፍሳል።

ስለዚህ እብናትም ሆነ ደብረ ታቦር ቤት የምትሠሩ ሰዎች፣ ኤሲ ልትገዙ ስትደውሉልኝ መጀመሪያ የምጠይቃችሁ ስለ ኮርኒስ ነው። አቡጀዲም ቢሆን፣ ማዳበሪያም ቢሆን ወጥሩ፤ ከላዩ ጭድ ብትጨምሩበት የሣሩን ክዳን ሥራ ይሠራላችኋል፤ ጭዱ ላይ የመብራት ሽቦ እንዳያልፍ ብቻ። እሱን ከጨረሳችሁ ብዙዎቻችሁ እኔን አትፈልጉኝም። ከሰሉን ግን ዛሬውኑ፣ ከመተኛታችሁ በፊት፣ ወደ ደጅ አውጡት።