የብሬል ማሳያ ከመግዛታችን በፊት፦ ለሥራና ለግል ንባብ የሚሆነውን እንዴት እንምረጥ?

ዐይነ ስውር የሆነ ወንድም ወይም እህት በሥራ ቦታም ሆነ በትምህርት ቤት ኮምፒውተርና ስልክ የሚጠቀመው በአብዛኛው በድምፅ ነው። ስክሪን ሪደር የሚባለው ፕሮግራም በስክሪኑ ላይ ያለውን ጽሑፍ ያነብለታል። ይህ ትልቅ እገዛ ቢሆንም መስማት ማንበብን ሙሉ በሙሉ አይተካም። በጆሮ ብቻ የሚሠራ ሰው የሰው ስም በእንግሊዝኛ በየትኞቹ ፊደላት እንደተጻፈ፣ የባንክ ሒሳብ ቁጥር ውስጥ ስንት ዜሮ እንዳለ፣ ነጠላ ሰረዙ የት እንደገባ በቀላሉ አይለይም። በሰዎች ፊት ቆሞ ንግግር የሚያደርግ ሰው ደግሞ አንድ ጆሮው ውስጥ ድምፅ እየገባ ሌላ ነገር መናገር ይከብደዋል። ማየትም መስማትም ለተሳነው ሰው ደግሞ ብሬል ብቸኛው የንባብ መንገድ ሊሆን ይችላል።

ይህን ክፍተት የሚሞላው መሣሪያ የብሬል ማሳያ ይባላል። ዋጋው ከብዙ ቤተሰብ አቅም በላይ ስለሆነ ተሳስቶ መግዛት ከባድ ኪሳራ ነው። በተለይ ዘመድና ጎረቤት ገንዘብ አዋጥቶ ለአንድ ተማሪ የሚገዛለት ከሆነ ሁለተኛ ዕድል ላይገኝ ይችላል። ስለዚህ ከግዢ በፊት መታወቅ ያለባቸውን ነጥቦች በቅደም ተከተል እናቀርባለን።

መሣሪያው እንዴት ይሠራል?

የብሬል ማሳያ በአንድ መስመር የተደረደሩ ሴሎች አሉት። በወረቀት ላይ ያለው ብሬል በአንድ ሴል 6 ነጥብ ሲኖረው፣ በማሳያዎቹ ላይ አብዛኛውን ጊዜ 8 ነጥብ አለ። የታችኞቹ 2 ነጥቦች ጠቋሚው (ከርሰሩ) የት እንዳለ ለማሳየትና ለኮምፒውተር ምልክቶች ያገለግላሉ። ስክሪን ሪደሩ ጽሑፉን ሲልክ ትንንሽ እንደ መርፌ ጫፍ ያሉ ነጥቦች ከፍና ዝቅ ይላሉ። አንባቢው መስመሩን ዳስሶ ሲጨርስ ቁልፍ ይጫንና ቀጣዩ ይመጣል።

በአብዛኞቹ መሣሪያዎች እያንዳንዱን ነጥብ የሚያንቀሳቅሰው ኤሌክትሪክ ሲነካው የሚታጠፍ ፒዞ የሚባል ቁስ ነው። ባለ 40 ሴል መሣሪያ 320 ነጥብ አለው ማለት ነው። ዋጋው የሚወደደውም በዋናነት በዚህ ምክንያት ነው።

ስንት ሴል ይበቃል?

ከ14 እስከ 20 ሴል ያላቸው ትንንሾቹ በቦርሳ ይያዛሉ። ከስልክ ጋር ለመጠቀም፣ መልእክት ለማንበብ፣ መጽሐፍ ለመከታተልና ለማስታወሻ ይመቻሉ። 32 ወይም 40 ሴል ያላቸው ለቢሮም ለቤትም የሚሆኑ መካከለኞች ናቸው። 80 ሴል ያላቸው ረጅም መስመርና ሰፊ ሰንጠረዥ ለሚያነብ የሒሳብ ወይም የኮምፒውተር ፕሮግራም ባለሙያ ይጠቅማሉ። ነገር ግን ከጠረጴዛ የሚነሱ አይደሉም።

እዚህ ላይ የውጭ አገር ምክር እንዳለ መውሰድ አያዋጣንም። በአማርኛ ብሬል ተነባቢውና አናባቢው በየራሳቸው ሴል ይጻፋሉ። "ቡና" በስክሪን ላይ 2 ፊደል ነው፤ በብሬል ግን 4 ሴል ይወስዳል። ስለዚህ ባለ 20 ሴል መሣሪያ ላይ በአንድ ጊዜ የሚገባው ሁለት ወይም ሦስት የአማርኛ ቃል ብቻ ነው። ቀኑን ሙሉ የአማርኛ ደብዳቤና ሪፖርት የሚሠራ ሰው ከተቻለ ከ32 ሴል ባይወርድ እንመክራለን።

ዐረብኛም ተመሳሳይ ነው። የዐረብኛ ብሬል እንደሌላው ብሬል ሁሉ ከግራ ወደ ቀኝ ይነበባል። ሐረካዎቹም የራሳቸውን ሴል ይይዛሉ። ሙሉ ሐረካ ያለው የቁርኣን ጽሑፍ ሐረካ ከሌለው ጽሑፍ የበለጠ ቦታ ይፈልጋል። የመድረሳ ተማሪ ወይም አስተማሪ ይህንን አስቦ መምረጥ አለበት።

አማርኛንና ዐረብኛን ያነባል ወይ?

ሻጩን "አማርኛ ይደግፋል?" ብሎ መጠየቅ ብቻውን አይበቃም። መሣሪያው ከኮምፒውተር ጋር ሲገናኝ ፊደሉን ወደ ብሬል የሚቀይረው ስክሪን ሪደሩ ነው። ለምሳሌ በነፃ የሚገኘው ኤንቪዲኤ ሊብሉዊ የተባለውን የብሬል መተርጎሚያ ይጠቀማል። በውስጡ የግዕዝ ፊደልም የዐረብኛም የብሬል ሰንጠረዥ አለ። ሰንጠረዡ እንግሊዝኛ ላይ ከቀረ የአማርኛው ጽሑፍ ትርጉም የሌለው ኮድ ሆኖ ይወጣል። አዲስ ተጠቃሚም መሣሪያው የተበላሸ ሊመስለው ይችላል። በስልክም እንዲሁ የምንፈልገው ቋንቋ ሰንጠረዥ መኖሩን በራሳችን ስልክ ላይ ማረጋገጥ ያስፈልጋል።

ሌላው ችግር ከመሣሪያው ውጭ ነው። እንደ ቪዥዋል ግዕዝ ባሉ የዩኒኮድ ባልሆኑ የቆዩ ፎንቶች የተጻፈ ሰነድ ለዐይን አማርኛ ቢመስልም ለስክሪን ሪደር የተዘበራረቀ የላቲን ፊደል ነው። ስካን ተደርጎ የተላከ ደብዳቤም ሥዕል እንጂ ጽሑፍ አይደለም። የትኛውም ውድ ማሳያ ይህንን አያስተካክልም። መፍትሔው መሥሪያ ቤቱ ሰነዶቹን በዩኒኮድ እንዲያዘጋጅ መጠየቅ ነው።

ብዙዎች የማያውቁት አንድ መንገድም አለ። ቢአርኤፍ የሚባለው የፋይል ዓይነት አስቀድሞ ወደ ብሬል የተቀየረ ጽሑፍ ነው። መሣሪያው ቢአርኤፍ ፋይልን ከሚሞሪ ካርድ መክፈት ከቻለ የአማርኛም የዐረብኛም መጽሐፍ ያለ ኮምፒውተርና ያለ ሰንጠረዥ ይነበባል።

ለሥራና ለግል፦ ልዩነቱ ቁልፎቹ ላይ ነው

ለንባብ ብቻ ከሆነ ወደፊትና ወደኋላ የሚያደርጉት ቁልፎች ይበቃሉ። ለሚጽፍና ለሚያርም ሰው ግን ከእያንዳንዱ ሴል በላይ ያለው ትንሽ ቁልፍ ወሳኝ ነው። እሱን ሲጫን ጠቋሚው በቀጥታ ወደዚያ ፊደል ይሄዳል። በርካሽነቱ የሚታወቀው ኦርቢት ሪደር 20 ይህ ቁልፍ የለውም። ነጥቦቹም ቀስ ብለውና ድምፅ እያሰሙ ነው የሚነሱት። መጽሐፍ ለማንበብ ጥሩ ነው፤ ሰነድ ለሚያርም ሰው ግን ያደክማል።

ለመጻፍ ሁለት ዓይነት ቁልፍ አለ። እንደ ፎከስ 40 እና ብሪሊያንት ያሉት እንደ ፐርኪንስ ማሽን በነጥብ የሚጻፍባቸው ቁልፎች አሏቸው። ማንቲስ ኪው40 ደግሞ የተለመደው የኮምፒውተር ኪቦርድ አለው። በኮምፒውተር ኪቦርድ አማርኛ መጻፍ የለመደ ሰው ለቢሮ ሁለተኛው ሊቀለው ይችላል። በፐርኪንስ ቁልፍ አማርኛ ለመጻፍ የሚያስብ ግን ከመግዛቱ በፊት ይሞክረው።

ግንኙነቱ በዩኤስቢም በብሉቱዝም መሆኑንና ከስልኩም ከኮምፒውተሩም ጋር መሥራቱን እንይ። እ.ኤ.አ. በ2018 የወጣውን የዩኤስቢ የብሬል ስታንዳርድ የሚከተል መሣሪያ ከብዙ ሲስተሞች ጋር በቀላሉ ይገናኛል።

ዋጋ፣ ጥገናና ባለቤትነት

በአሜሪካ ገበያ ኦርቢት ሪደር 20 ከ1,000 ዶላር በታች ሲሸጥ፣ የታወቁት ባለ 40 ሴል ማሳያዎች በአብዛኛው ከ2,000 እስከ 4,000 ዶላር ያወጣሉ። ባለ 80 ሴሎቹ ከዚያም በእጅጉ ይበልጣሉ። በዚህ ላይ መጓጓዣና ጉምሩክ ይጨመራል። የቀረጥ ጉዳይ ዕቃው ከመምጣቱ በፊት ጉምሩክን በጽሑፍ ቢጠየቅ ይሻላል።

አቧራና ላብ የነጥቦቹ ጠላት ናቸው። ከመንካት በፊት እጅን መታጠብና ማድረቅ፣ ሲጨርሱ ሸፍኖ ማስቀመጥ ልማድ መሆን አለበት። ሲበላሽ ወደ ውጭ መላክ ስለሚያስፈልግ ዋስትናው ለምን ያህል ጊዜ እንደሆነ፣ የመላኪያውን ወጪ ማን እንደሚሸፍንና ባትሪው መቀየር መቻሉን አስቀድመን እንጠይቅ።

ያገለገለ ዕቃ የሚገዛ ሰው እያንዳንዱን ነጥብ ይፈትሽ። በቢአርኤፍ ፋይል ላይ የእኩል ይሆናል ምልክት (=) መስመሩን እስኪሞላ ቢጻፍ በሁሉም ሴል ላይ ስድስቱም ነጥቦች መነሳት አለባቸው። ያልተነሳ ወይም ሲጫኑት የሚሰጥም ነጥብ ካለ ፊደሉን ሌላ ፊደል ያደርገዋል።

በኢትዮጵያ የአካል ጉዳተኞችን የሥራ ስምሪት መብት የሚደነግገው አዋጅ ቁጥር 568/2000 አሠሪው ለሠራተኛው ተመጣጣኝ ማመቻቸት እንዲያደርግ ያስገድዳል። ስለዚህ ለሥራ የሚያስፈልገውን መሣሪያ ከኪስ ከመግዛት በፊት ለመሥሪያ ቤቱ በጽሑፍ ማመልከት ተገቢ ነው። ነገር ግን መሥሪያ ቤቱ የገዛው ንብረቱ የመሥሪያ ቤቱ ነው፤ ሥራ ሲለቀቅ ይመለሳል። የግል ንባቡን በዚያ ላይ ብቻ የመሠረተ ሰው ባዶ እጁን ይቀራል። ለቢሮ ትልቁን ከአሠሪ፣ ለግል ትንሹን በራስ ማግኘት የተሻለ መንገድ ነው። በአሜሪካ የሚኖሩ ወገኖች ደግሞ በኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት ሥር ያለው የዐይነ ስውራን አገልግሎት ለተመዘገቡ አንባቢዎች የብሬል ማንበቢያ በነፃ እንደሚያውስ ይወቁ።

ከመክፈል በፊት

1. ተጠቃሚው ብሬል አቀላጥፎ ያነባል? ካልሆነ ቅድሚያ ለትምህርቱ፣ ለስሌትና ለስታይለሱ ይሰጥ። መሣሪያው ብሬል አያስተምርም።
2. በብዛት የሚያነበው በየትኛው ቋንቋ ነው?
3. ይጽፋልና ያርማል ወይስ ያነባል ብቻ?
4. የራሱን አንድ የአማርኛና አንድ የዐረብኛ ሰነድ በራሱ ስልክ ወይም ኮምፒውተር ሞክሯል?
5. ቢበላሽ ማን፣ የት፣ በስንት ይጠግነዋል?

ለአንድ ተማሪ ስጦታ ለመግዛት የምናዋጣ ሰዎችም እነዚህን አምስት ጥያቄዎች ራሱን ተማሪውን እንጠይቀው። ፍላጎቱን ከማንም በላይ የሚያውቀው እሱ ነው።