ሰልፍ

እስቲ ጠጋ ጠጋ በሉ፤ ቡናው እስኪፈላ አንድ ነገር ላጫውታችሁ።

ዘመኑ 1997፣ ወሩ ግንቦት፣ ቀኑ 7፣ ዕለቱ እሑድ። ከተማው አዲስ አበባ፣ ሰፈሩ የእኛው ሰፈር። የማን ቤት ሽሮ፣ የማን ቤት ዶሮ እንደተሠራ በሽታው የሚታወቅበት፣ ባልና ሚስት በሹክሹክታ የተጣሉትን ጎረቤት በማግሥቱ መጥቶ የሚያስታርቅበት ሰፈር።

እኔ ያኔ ገና አሥራ ስምንት ዓመቴን ደፍኜ የምርጫ ካርድ ያወጣሁ ጎረምሳ ነኝ። ካርዷን ትራሴ ሥር አድርጌ ተኛሁ። እንቅልፍ ከየት ይምጣ! ሌሊት አሥር ሰዓት ላይ በሩ ተንኳኳ። ብከፍት ጎረቤታችን እማማ ናቸው፤ ነጠላቸውን አጣፍተው፣ ዱካቸውን አንጠልጥለው።

«ተነሥ አንተ! ሰው ሁሉ ሄዶ አለቀ እኮ!»

እውነታቸውን ነበር። ጨለማው ሳይገፈፍ ሰልፉ የቀበሌውን አጥር ዞሮ ወደ ወፍጮ ቤቱ ታጥፏል። የተሰለፈው ደግሞ ሰው ብቻ እንዳይመስላችሁ። ድንጋይ አለ፣ ጀሪካን አለ፣ አንድ እግር አሮጌ ጫማም አለ። ምን ይደረግ፣ ለውሃውም ለስኳሩም ወረፋ የምንይዘው እንደዚያ ነዋ! አንድ ሽማግሌ ግን ድንጋዩን በከዘራቸው ገፋ አድርገው፣ «ዛሬ ድንጋይ አይመርጥም፤ ባለቤቱ ይምጣ!» አሉ። ሳቅ ሆነ። ባለቤቱም ካፖርቱን እየጎተተ እየሮጠ መጣ።

ፀሐይዋ ወጣች። የግንቦትን ፀሐይ መቼም ታውቋታላችሁ። ጃንጥላው ተዘረጋ፣ ከቅዳሴ የወጣውም ከነጠላው መጥቶ ከኋላ ተቀጠለ፣ ቆሎ ዞረ። ወሬው ሁሉ የቴሌቪዥኑ ክርክር ነው፤ ማን ማንን አፋጠጠ፣ ማን መልስ አጣ። ከሳምንት በፊት ቅዳሜ ሚያዝያ 29 ገዢው ኢሕአዴግ መስቀል አደባባይን ሞልቶ ነበር፤ በማግሥቱ ሚያዝያ 30 ደግሞ ተቃዋሚው ቅንጅት ሞላው። ያን ቅዳሜ ንብ የተሳለበት ካኔተራ ለብሶ የወጣውና ያን እሑድ ሁለት ጣቱን ቀስሮ የዋለው፣ ዛሬ አንድ ጃንጥላ ሥር ቆመው ከአንድ እፍኝ ቆሎ ይካፈላሉ። ይህን በዓይኔ አይቻለሁ።

አንዱ ቀልደኛ፣ «እማማ፣ ለማን ሊሰጡ ነው?» ብሎ ጠየቃቸው።

«መጋረጃውን የሰቀሉት ለጌጥ መሰለህ?» አሉት።

ስምንት ሰዓት አለፍ ሲል ተራችን ደረሰ። ስሜ ከመዝገቡ ላይ ተፈልጎ ተገኘ፣ ጣቴ ቀለም ነካ። ሁለት ወረቀት ተሰጠኝ፤ አንዱ ለተወካዮች ምክር ቤት፣ አንዱ ለከተማው ምክር ቤት። ከመጋረጃው ጀርባ ስገባ ያ ሁሉ ጫጫታ ዝም አለ። እጄ ተንቀጠቀጠ። ወረቀቱን ሦስት ጊዜ አየሁት፣ ምልክቴን አደረግሁ፣ አጠፍኩት፤ ኮሮጆው ውስጥ ስከተው የወደቀበት ድምፅ የተሰማኝ መሰለኝ።

እማማ ከእኔ በላይ ቆዩ። ሲወጡ ቀለም የነካውን ጣታቸውን አዲስ ቀለበት እንዳሰረች ሙሽራ ከፊታቸው ይዘውት ነበር። «ስድሳ ዓመት ሙሉ ያሰብኩትን ጎረቤት ሳያውቅብኝ ቀርቶ አያውቅም» አሉኝ በጆሮዬ። «የዛሬዋን ግን እኔና እግዜር ብቻ ነን የምናውቃት።» ቀለሙ እንዳይለቅ ብለው ያን ሰሞን ሊጡን ያስቦኩት የልጅ ልጃቸውን ነበር።

ማታ ደክሞን፣ እግራችንን ዘርግተን ቴሌቪዥን ከፈትን። ጠቅላይ ሚኒስትር መለስ ዜናዊ ቀርበው በአዲስ አበባና በዙሪያዋ ለአንድ ወር ሰልፍ መከልከሉን ተናገሩ። እናቴ ገረማት። «ቀኑን ሙሉ ተሰልፈን ውለን? ምን አጠፋን?» ያኛው ሰልፍ ሌላ እንደሆነ አስረዳናት። እሷ ግን፣ «ሰልፍ ሰልፍ ነው» ብላ ወደ ጓዳ ገባች።

ከዚያ ወዲያ ያለውን ታውቁታላችሁ። ቅንጅት በአዲስ አበባ 23ቱንም የፓርላማ ወንበር፣ ከከተማው ምክር ቤት 138 ወንበር ደግሞ 137ቱን ወሰደ። የአገሪቱ ውጤት ግን አጨቃጨቀ። ሰኔ 1 ቀን ተኩስ ስንሰማ ቀለሙ ከእማማ ጥፍር ላይ ገና አልለቀቀም ነበር። ጥቅምት ላይም ተደገመ። አጣሪ ኮሚሽኑ በኋላ ሲቆጥር 193 ሲቪል ሰዎችና 6 ፖሊሶች ሞተው ነበር።

ከሰኔው ተኩስ በኋላ በነበረው ክረምት ሰፈሩ ዝም አለ። ያቺ የሰልፉ ጥያቄ ተመልሳ መጣች፤ አሁን ግን ቀልድ የለባትም፤ ማን ለማን እንደሰጠ ሰው ከሰው ፊት ያነብ ጀመር። እማማም ተጠየቁ። ጣታቸውን ነጠላቸው ውስጥ ሰብሰብ አደረጉና፣

«መጋረጃው እኮ አልተነሣም» አሉ።

እስኪሞቱም አልተናገሩ። ሽሮውንም ዶሮውንም በሽታው የሚያውቀው ሰፈር፣ ያቺን አንዲት ነገር ሳያውቅ እማማን ቀበረ።

በሉ፣ ጀበናው ገነፈለ፤ ሲኒ አቀብሉኝ።