«ባሏስ ተመርምሯል?»፦ የመካንነት ሕክምና አጭር ታሪክ

ባልና ሚስት ልጅ ሳይወልዱ ሲቆዩ ብዙውን ጊዜ ጣት የሚቀሰረው በሚስት ላይ ነው። ጠበል የምትመላለሰው እሷ ናት፤ የባህል መድኃኒት የምትጠጣውም እሷ ናት። ትዳሩ ሲፈርስ «መሀን» ተብላ ወደ ወላጆቿ ቤት የምትመለሰውም እሷው ናት። ይህ ፍርድ ከየት እንደመጣና ሳይንስ እንዴት እንዳፈረሰው ማወቅ ይጠቅመናል።

ሰዎች ለብዙ ዘመናት መውለድን በእርሻ መስለው ሲያዩት ኖረዋል። ወንድ ዘሪ፣ ሴት መሬት ናት፤ ካልበቀለ ጥፋቱ የመሬቱ ነው ይሉ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1677 ሆላንዳዊው አንቶኒ ቫን ሊወንሁክ የወንድን ዘር በማይክሮስኮፕ አየ። የአጥቢ እንስሳ እንቁላል የታወቀው ግን ከ150 ዓመት በኋላ፣ በ1827፣ በካርል ኤርንስት ፎን ቤር ነው። በ1876 ደግሞ ኦስካር ሄርትቪግ በአንድ የባሕር እንስሳ ላይ ዘርና እንቁላል ሲዋሐዱ ተመለከተ። ሴት መሬት ብቻ አለመሆኗ፣ ጽንስ ከሁለቱም እንደሚገኝ በዚህ ታወቀ። ከሁለቱም ከተገኘ ደግሞ ችግሩም ከሁለቱም ሊመጣ ይችላል።

ሕክምናው ብዙ ቆይቶ መጣ። እንግሊዛዊቷ ሌስሊ ብራውን የማሕፀን ቱቦዎቿ ተዘግተው ለ9 ዓመት ያህል ልጅ አጥታ ነበር። ሐኪሙ ፓትሪክ ስቴፕቶ፣ ተመራማሪው ሮበርት ኤድዋርድስና ነርሷ ጂን ፐርዲ እንቁላሏን አውጥተው በቤተ ሙከራ ከባሏ ዘር ጋር አዋሐዱት። ጽንሱ መከፋፈል ሲጀምር መጀመሪያ ያየችው ፐርዲ ነበረች። ሐምሌ 18 ቀን 1970 ዓ.ም. ልጅቷ ሉዊዝ በሰላም ተወለደች። ፐርዲ በ39 ዓመቷ አረፈች። ኤድዋርድስ ስሟ ከእነሱ ጋር በመታሰቢያው ላይ እንዲጻፍ ቢጠይቅም ሳይጻፍ ቀረ፤ ስሟን የያዘ መታሰቢያ የተሠራላት እ.ኤ.አ. በ2015 ነው።

እ.ኤ.አ. በ1992 የብራስልስ ሐኪሞች አንድ የወንድ ዘር በቀጥታ እንቁላሉ ውስጥ በማስገባት ጽንስ እንደተገኘ አስታወቁ። ይህ ዘራቸው ላነሰ ወይም ለደከመ ወንዶች ትልቅ ተስፋ ሆነ። በአገራችንም በ2011 ዓ.ም. በአዲስ አበባ በቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ሚሊኒየም ሕክምና ኮሌጅ እንዲህ ያለውን ሕክምና የሚሰጥ የመንግሥት ማዕከል ተከፈተ።

ሁሉም ሰው እዚህ ደረጃ መድረስ አያስፈልገውም። እንቁላል በጊዜው የማይወጣላት ሴት በእንክብል ልትረዳ ትችላለች። ሳይታከም የቆየ የአባላዘር ኢንፌክሽን የማሕፀን ቱቦን ሊዘጋ ስለሚችል በጊዜ መታከም ከብዙ ሐዘን ያድናል። የወንድ ዘር ምርመራም ቢላዋም መርፌም የሌለው ቀላል ምርመራ ነው፤ ሚስት ለከባድ ምርመራ ከመተኛቷ በፊት ሊደረግ ይገባል።

የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው ከ6 ሰዎች አንዱ በሕይወት ዘመኑ ይህ ችግር ያጋጥመዋል። ባልና ሚስት ያለመከላከያ ለ12 ወራት አብረው ኖረው ጽንስ ካልመጣ፣ ሴቷ 35 ዓመት ከሞላት ደግሞ ከ6 ወር በኋላ፣ ሁለቱም አብረው ወደ ሐኪም ይሂዱ።

እንግዲህ እኅቶች፣ በዕድርም ሆነ በቡና ላይ «እገሊት አልወለደችም» ሲባል ስንሰማ ዝም አንበል። «ባሏስ ተመርምሯል?» ብለን እንጠይቅ።